ባንድ እጁ ኤንዚምን የያዘ ሊቅ

የጄምስ ሰምነርን ታሪክ የምንጽፍላችሁ፥ እኛ በባዮሎጂ ክፍል የምንማረው የኤንዚም ሕግ ለእሱ የዕለት መሣሪያው ስለ ነበረ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰምነር በ1887 በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ተወለደ። በ17 ዓመቱ ለአደን ወጥቶ ሳለ የጓደኛው ጥይት ስቶ መታውና ግራ እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ፤ ያውም ግራኝ ነበር። በቀኙ መሥራትን እንደ ገና ተማረ፤ ቴኒስ እንኳ ይጫወት ነበር። በሃርቫርድ ፕሮፌሰር ፎሊን፥ ባንድ እጅ ኬሚስትሪ ስለማይሆን ሕግ ቢማር እንደሚሻለው መከሩት፤ እሱ ግን አልተመለሰም።

በ1917 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፥ ጃክ ቢን ከሚባል የባቄላ ዓይነት ዩሬአዝ የተባለውን ኤንዚም አጥርቶ ለማውጣት ተነሣ። ይህ ኤንዚም ዩሪያን ሰብሮ አሞኒያ ያወጣል። ታዲያ በዓይን የማይታየው ነገር መጠኑ በምን ይታወቃል? በሥራው ፍጥነት ነዋ! ዩሪያው የተትረፈረፈ እስከ ሆነ ድረስ፥ ኤንዚሙ እጥፍ ሲሆን በደቂቃ የሚወጣው አሞኒያም እጥፍ ይሆናል። ዩሪያው ጥቂት ከሆነ ግን ኤንዚም ቢጨመር ሥራው ቶሎ ያልቃል እንጂ የአሞኒያው ድምር አይበዛም፤ በፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚያምታታው ይህንን ነው። ሰምነርም ፍጥነቱን እየለካ፥ ኤንዚሙ ካጠለለው ውሃ ወይም ከአተላው በየትኛው እንደ ቀረ ይለይ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ደከመ። በ1926 የባቄላውን ዱቄት ውሃ በቀላቀለው አሴቶን ዘፍዝፎ፥ አጥልሎ በብርድ ቢያሳድረው በማይክሮስኮፕ ክሪስታሎች አየ። ክሪስታሎቹ ፕሮቲን ነበሩ፤ ዩሪያንም እጅግ በፍጥነት ሰበሩ። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሽቴተርና ተከታዮቹ ኤንዚም ፕሮቲን አይደለም ባዮች ነበሩና አልተቀበሉትም። በ1930 ኖርዝሮፕ ፔፕሲንን በክሪስታል መልክ ቢያወጣ ክርክሩ እየላላ ሄደ። ሰምነር በ1946 ከኖርዝሮፕና ከስታንሊ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1955 ሞተ።