በመምህራን ተመዝኖ መምህራንን የመዘነው ቅዱስ

የትምህርት ዘመን በተገባደደ ቁጥር መምህሩ ይመዘናል። ርእሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ቅጽ ይዞ ወደ ክፍል ይገባል፤ የተማሪዎች የፈተና ውጤት ይታያል፤ ነጥብ ይሰጣል፤ የደረጃ እድገትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። መምህር መመዘን እንደሚገባው የሚክድ የለም፤ ልጁን በአደራ የሰጠ ወላጅ አደራው እንዴት እንደ ተጠበቀ ማወቅ ይገባዋልና። ነገር ግን መዛኙ ማን ነው? የሚመዝነውስ በምን ነው? ከመዘነስ በኋላ ምን ያደርጋል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን፣ ቤተ ክርስቲያን የመምህራን ጠባቂ አድርጋ የሰየመችውን የቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላ ሳልን ሕይወት በዚህ እትም እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ በ1651 ተወለደ። አባቱ በከተማይቱ ፍርድ ቤት ባለ ሥልጣን ስለ ነበር ቤተ ሰቡ ባለጸጋና የተከበረ ነበር። በ1667፣ ገና ለጋ ወጣት ሳለ፣ የሬምስ ካቴድራል የካህናት ጉባኤ አባል ሆነ፤ ይህም ማዕረግ ክብርና ቋሚ ገቢ ነበረው። በ1670 በፓሪስ ወደሚገኘው የቅዱስ ሱልፒስ ዘርዓ ክህነት ገባ። ነገር ግን እናቱና አባቱ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ስላረፉ ታናናሾቹን ለማሳደግ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1678 በቀዳም ሥዑር ዕለት ክህነት ተቀበለ፤ በ1680ም በትምህርተ መለኮት የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

ይህ ሰው የትምህርት ቤት ነገር በሐሳቡ አልነበረም። በ1679 ግን አድሪያን ኒዬል የተባለ ምእመን ለድኾች ልጆች ያለ ክፍያ የሚያስተምር ቤት ሊከፍት ከሩዋን ወደ ሬምስ መጣ፤ ዮሐንስም ረዳው። ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ መምህራኑ ግን ደካሞች ነበሩ። ራሳቸው በወጉ ያልተማሩ፣ ለሥራውም ያልሠለጠኑ፣ ኑሯቸውም ሥርዓት የጎደለው ነበር። ዮሐንስ በመጀመሪያ እነዚህን ሰዎች ከቤቱ አሽከር አሳንሶ ይመለከታቸው እንደ ነበር በኋላ ራሱ አምኗል።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ነጥብ የሚሰጥ መዛኝ መጥቶ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ ከሥራቸው በተባረሩ ነበር። ዮሐንስ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በአጠገቡ ቤት ተከራየላቸው፤ ቀጥሎም ከማዕዱ አስቀመጣቸው፤ በ1681 ደግሞ ወደ ገዛ ቤቱ አስገባቸው። ዘመዶቹ እጅግ ተቆጡ፤ ከታናናሾቹም የተወሰዱበት አሉ። በተከታዩ ዓመት የአባቱን ቤት ትቶ ከመምህራኑ ጋር በኪራይ ቤት መኖር ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ዮሐንስ መምህራኑን ስለ ነገ እንዳይጨነቁ፣ በእግዚአብሔር መግቦት እንዲታመኑ ይመክራቸው ነበር። እነርሱም ምክሩን ሰምተው መካሪውን መዘኑት። ለእርሱ እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል እንደሆነ፣ ርስትና ቋሚ ገቢ እንዳለው፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ግን እነርሱ መለመኛ እንኳ እንደማይኖራቸው በግልጽ ነገሩት። ዮሐንስ አልተቆጣም፤ እውነታቸውን እንደሆነ ተቀበለ። በ1683 የካቴድራሉን ማዕረግ ለቀቀ፤ ቀጥሎም በመጣው ረሃብ ንብረቱን ለተራቡት ዳቦ አድርጎ አከፋፈለ። ከዚያ ወዲያ መምህራኑን ሲመዝን እንደ እነርሱ ድኻ ሆኖ፣ የበሉትን በልቶ ነበር። የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች ማኅበር በዚህ መሠረት ላይ ቆመ።

ዮሐንስ ፍቅርን ከሥርዓት አልለየም። ከወንድሞቹ ጋር ተመካክሮ ያዘጋጀው የትምህርት ቤቶች መመሪያ ከ1706 ጀምሮ በእጅ እየተጻፈ ይዞር ነበር፤ በ1720፣ እርሱ ካረፈ በኋላ፣ በአቪኞን ታተመ። በመመሪያው መሠረት ልጆች እንደ ደረጃቸው ተከፍለው በአንድነት ይማራሉ፤ ንባብንም ከላቲን አስቀድመው በሚናገሩት በፈረንሳይኛ ይጀምራሉ። ትምህርት ቤቶቹን የሚጎበኝ ተቆጣጣሪ አለ፤ በየወሩ መጨረሻ ተማሪዎችን እየመረመረ ወደሚቀጥለው ትምህርት ማን እንደሚሻገር ይወስናል። ስለዚህ የመምህሩ ድካም ፍሬ በየወሩ እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አይታይም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ስለ ቀሪ ተማሪዎች የተጻፈው ክፍል ነው። ልጅ ከትምህርት ሲቀር ጥፋቱን በልጁና በወላጁ ላይ ብቻ ማሳበብ የተለመደ ነው። መመሪያው ግን የመቅረት ምክንያት መምህሩም ሊሆን እንደሚችል ይናገራል፤ መምህሩ ልጆችን የማይስብ፣ ወይም እጅግ የጨከነ ከሆነ ልጆቹ ይሸሹታልና። በዚህ ዓይን ሲታይ ባዶው ወንበር ራሱ መምህሩን ይመዝነዋል።

ጀማሪ መምህር ደግሞ ሊተዋቸው የሚገቡ ነገሮች ተዘርዝረውለታል፤ ከእነዚህም መካከል ብዙ መናገር፣ ጭካኔና ማዳላት ይገኛሉ። ሊይዛቸው የሚገቡትም አሥራ ሁለት ምግባራት ናቸው፦ ጭምትነት፣ ዝምታ፣ ትሕትና፣ አስተዋይነት፣ ጥበብ፣ ትዕግሥት፣ ራስን መግዛት፣ የዋህነት፣ ቅንዓት፣ ንቃት፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርና ለጋስነት። ጉድለቱ የተገለጠበት መምህር እንዲሠለጥን ይደረግ ነበር። ዮሐንስ ለገጠር መምህራን ማሠልጠኛ ያቋቋመውም፣ ወንድሞቹ በየወሩ ስለ ኑሯቸውና ስለ ሥራቸው ይጽፉለት የነበረውም፣ እርሱም ይመልስላቸው የነበረው ስለዚሁ ነው።

ይህ ቅዱስ ራሱ ከፍርድ አላመለጠም። በ1702 አንድ የጀማሪዎች አሠልጣኝ ስላሳየው ጭካኔ ክስ ቀርቦ፣ የፓሪስ ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስን ከአለቅነቱ ሊያወርዱት ወሰኑ። እርሱ ውሳኔውን በዝምታ ተቀበለ፤ ሌላ አለቃ አንቀበልም ያሉት ወንድሞቹ ናቸው። በ1713 ደግሞ በግረኖብል ሳለ፣ የዚያን ቤት ኃላፊ ለጉብኝት ልኮ፣ በእርሱ ቦታ ገብቶ ሕፃናትን አስተማረ። ዶክተሩና የማኅበሩ መሥራች ፊደል ከሚቆጥሩ ልጆች ፊት ቆመ። በ1717 አለቅነቱን ለተመረጠው ለወንድም ባርተሎሜዎስ አስረክቦ እንደ ማንኛውም ወንድም ታዛዥ ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን 1719፣ በዓርብ ስቅለት፣ በሩዋን ዐረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1900 ቅድስናውን አወጁ፤ ፒዮስ 12ኛም በ1950 የመምህራን ሁሉ ሰማያዊ ጠባቂ አድርገው ሰየሙት። ልጆቹ የላሳል ወንድሞች በአገራችንም በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ብዙ ትውልድ አስተምረዋል።

ዮሐንስ ለመምህራን ሱባኤ በጻፋቸው አስተንትኖዎች መምህር ስለ እያንዳንዱ ልጅ ነፍስ በእግዚአብሔር ፊት መልስ እንደሚሰጥ ያስተምራል። የሰው ሚዛን ይህን የመጨረሻ ሚዛን አይተካም፤ ቢሆንም ሊመስለው ይገባል። እግዚአብሔር ሰውን የሚመዝነው አስቀድሞ ሥጋውን ለብሶ፣ ድካሙን ቀምሶ ነውና። ስለዚህ በክፍል በር ቅጽ ይዘን የምንቆም ሁሉ፣ ከመምህሩ ማዕድ ቀምሰን እናውቅ እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ በመጪው እሑድ አንድ ልጅ ቢጎድል መዝገቡ ላይ ቀሪ ብለን ብቻ አንለፈው፤ ምናልባት የቀረው ከእኛ ሸሽቶ ይሆናልና ቤቱ ሄደን እንጠይቀው።

የቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላ ሳል አማላጅነት ከመምህራኖቻችንና ከልጆቻችን ጋር ይሁን። አሜን።