ወርቅን እስከ እምብርቱ ያየው መምህር

ወርቅ የማይለወጥ ነገር ምሳሌ ነው። ብረት ይዝጋል፤ ናስ ይወይባል፤ ብር ይጠቁራል። ወርቅ ግን ያው ወርቅ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ሠርግ በመጣ ቁጥር ከሣጥን የሚወጣው ጌጥ የአያት ቢሆንም ትናንት ከአንጥረኛ እጅ የወጣ ይመስላል። ታዲያ በሦስት ቀን ውስጥ ከግማሽ በላይ ወደ ባዜቃ፣ ማለትም ወደ ሜርኩሪ የሚለወጥ ወርቅ አለ ብንላችሁ ምን ትላላችሁ? ቀልድ አይደለም፤ አለ። ይህን ለማወቅ መንገዱን የጠረገው ሰው ደግሞ በወጣትነቱ በአስተማሪነት ለመቀጠር ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነበር። ስሙ ኧርነስት ራዘርፎርድ ይባላል። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ የእሱን ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ራዘርፎርድ ኦገስት 30 ቀን 1871 በኒውዚላንድ፣ ኔልሰን በምትባል ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ኒውዚላንድ ከአውስትራሊያ ማዶ፣ ውቅያኖስ መሐል ያለች የደሴት አገር ናት። አባቱ በልጅነታቸው ከስኮትላንድ የመጡ፣ የጋሪ እግር የሚሠሩና የሚያርሱ ሰው ነበሩ። እናቱ ማርታ ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። ቤተሰቡ አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ኧርነስት አራተኛው ነው። ልጁ እርሻ እያገዘ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ላም እያለበ አደገ። ሀብት አልነበራቸውም፤ እናትየዋ ግን በትምህርት ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር።

የነፃ ትምህርት ዕድል እያሸነፈ በ1887 ኔልሰን ኮሌጅ፣ በ1890 ደግሞ ክራይስትቸርች ከተማ የሚገኘው ካንተርበሪ ኮሌጅ ገባ። በሒሳብና በፊዚክስ ከፍተኛ ማዕረግ አግኝቶ ተመረቀ። ከዚያስ? ከዚያ እንደማንኛውም ምሩቅ ሥራ ፍለጋ ወጣ። ለጊዜው በምትክ አስተማሪነት ሠርቷል። በቋሚነት ለመቀጠር ያደረገው ሙከራ ግን ሦስት ጊዜ ከሽፏል። ሥራ ሲያጣ ወደ ኮሌጁ ተመልሶ ምርምሩን ቀጠለ።

በ1895 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ለመመራመር የሚያስችል ስኮላርሺፕ ተወዳደረ። አሁንም አንደኛ አልወጣም። የተመረጠው ማክሎሪን የተባለ የኬሚስትሪ ሰው ነበር። የሚገርመው፣ ማክሎሪን ያጠናው ወርቅ በሳያናይድ እንዴት እንደሚሟሟ ነው። እሱ ዕድሉን ሳይጠቀምበት ሲቀር ተራው ለሁለተኛው ለራዘርፎርድ ደረሰ። የወርቅ ነገር ከጧቱ ተጠግታው ነበር ማለት ይቻላል።

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ካቨንዲሽ በተባለው ቤተ ሙከራ፣ ኤሌክትሮንን ባገኘው በቶምሰን ሥር ሠራ። ዩራኒየም የሚረጨው ጨረር አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ለየ። አንደኛው በቀጭን ወረቀት የሚታገድ፣ ሌላኛው ጠልቆ የሚያልፍ ነው። የመጀመሪያውን አልፋ፣ ሁለተኛውን ቤታ አለው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናስተምራቸው ስሞች የእሱ ስያሜዎች ናቸው። በ1898 ዕድሜው 27 ዓመት ሲሆን በካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1900 ኒውዚላንድ ተመልሶ እጮኛውን ሜሪ ኒውተንን አገባ።

በዚያው ዓመት ራዘርፎርድ ቶሪየም ከተባለው ንጥረ ነገር የሚወጣውን ጋዝ ሲመረምር አንድ ሥርዓት አገኘ። የጋዙ ጨረር በአንድ ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በሚቀጥለው ደቂቃ ደግሞ የቀረው በግማሽ ይቀንሳል። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ይህንን ጊዜ ዛሬ ግማሽ ዕድሜ እንለዋለን።

ለክፍል የሚሆን ምሳሌ እነሆ። አንድ መቶ ፍሬ ሳንቲም በጣሳ ነቅንቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ድፉ። ጎፈር የወጣውን አስወግዱ፤ ዘውድ የወጣውን እንደገና ነቅንቁ። የትኛው ሳንቲም በየትኛው ዙር እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ይሁን እንጂ በየዙሩ የሚቀረው ካለፈው ግማሽ ያህል ነው። አቶሞችም እንዲሁ ናቸው። አንዷን አቶም መቼ ትፈርሳለሽ ብለን ልንጠይቃት አንችልም። የብዙዎቹ ድምር ግን እንደ ሰዓት የሚያስተማምን ነው።

ከወጣቱ ኬሚስት ፍሬደሪክ ሶዲ ጋር ሆኖ ከ1901 እስከ 1903 ባደረገው ጥናት፣ አንድ ንጥረ ነገር ጨረር ሲረጭ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚለወጥ አስረዳ። ይህ በዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ተራውን ብረት ወርቅ እናደርጋለን ሲሉ ዘመናቸውን የጨረሱ ሰዎች ስማቸው በኬሚስቶች ዘንድ መሣቂያ ሆኖ ነበርና። ራዘርፎርድ ግን በልኬት ተናገረ፤ ልኬቱም ተደጋግሞ ተፈተሸና ጸና። ለዚህ ሥራው በ1908 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ያውም የፊዚክሱ ሰው የተሸለመው በኬሚስትሪ ነበር!

ከዚሁ ጋር ሌላ በር ተከፈተ። ራዘርፎርድ በዩራኒየም ማዕድን ውስጥ የተጠራቀመውን ሂሊየም በመለካት የድንጋይን ዕድሜ ለመገመት ሞከረ። ምድር ጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው ያላት ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት አገኘ። ይህ ዘዴ ኋላ ተሻሽሎ ለአገራችንም ጠቅሟል። በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው፣ በአካባቢው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም እየፈረሰ የሚተወውን አርጎን በመለካት ነው።

አሁን ወደ ወርቁ እንምጣ። ራዘርፎርድ በ1907 ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ አቶም እንደ ሊጥ ያለ፣ አዎንታዊው ሙል በሁሉም ቦታ የተሰራጨበት ነገር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ራዘርፎርድና ረዳቱ ሃንስ ጋይገር የአልፋ ቅንጣቶችን በቀጭን ብረት ላይ እየተኮሱ እንዴት እንደሚያልፉ ያጠኑ ነበር። ለዚህ ሥራ ወርቅ ተወዳዳሪ የለውም። ቢቀጠቅጡት ሳይበጠስ ይሳሳል። ከተጠቀሙባቸው ቅጠሎች አንዱ ውፍረቱ 0.0004 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። ይኸውም አንድ ሚሊሜትር ለ2,500 ተካፍሎ እንደማለት ነው።

በ1909 ኧርነስት ማርስደን የተባለ፣ ገና ያልተመረቀ የሃያ ዓመት ተማሪ ሥራ እንዲሰጠው ፈለገ። ራዘርፎርድም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚነጥር አልፋ ካለ እንዲያይ አዘዘው። ይገኛል ብሎ አልነበረም፤ በተለመደው አስተሳሰብ ሊሆን የማይችል ነገር ነውና። ማርስደን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨለማ አስለምዶ፣ በማጉያ መነጽር በትንሽ ሰሌዳ ላይ ብልጭ የሚሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ቆጠረ። ተመልሰው የሚነጥሩ አልፋዎች ነበሩ! በወርቁ ስስ ቅጠል ከተተኮሱት 20,000 ቅንጣቶች አንዱ ያህል በአማካይ እስከ ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሌላ አለቃ ቢሆን፣ ልጅ ነው፣ ተሳስቶ ነው፣ ዓይኑ ደክሞ ነው ሊል ይችል ነበር። ከ20,000 አንድ ምን ቁም ነገር አለው ብሎ ሊተወውም ይችል ነበር። ራዘርፎርድ ግን የተማሪውን ቁጥር አመነ። አምኖም ዝም አላለም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ሲያሰላስለውና ሲያሰላው ቆየ። በ1911 መልሱን አሳተመ። አቶም አብዛኛው ባዶ ነው። አዎንታዊው ሙልና ክብደቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ በመሐል በምትገኝ እጅግ ትንሽ እምብርት ተጠቅልሏል። እምብርቷም ኒውክለስ ተባለች። የወርቅ ኒውክለስ የሽንብራ ፍሬ ያህል ቢሆን፣ አቶሙ በጠቅላላ ከእግር ኳስ ሜዳ ይሰፋል። እኛ ሰምና ወርቅ ስንል ከላይ ያለው ሰም፣ ከውስጥ ያለው ወርቅ ነው። ራዘርፎርድ ደግሞ ወርቁን ራሱን እንደ ሰም ቆጥሮ ውስጡን ፈተሸ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ተማሪው የነበረው ሄንሪ ሞዝሊ በ1913 እና በ1914 የንጥረ ነገሮችን ተራ ቁጥር በኤክስሬይ እየለካ እስከ ወርቅ ደረሰ፤ የወርቅ ቁጥር 79 መሆኑንም አረጋገጠ። በዓመቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ ተገደለ። ገና 27 ዓመቱ ነበር። ሶዲ ደግሞ በ1913 አይሶቶፕ የሚለውን ስም አስተዋወቀ። አይሶቶፖች በተራ ቁጥር አንድ ሆነው በክብደት የሚለያዩ ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነታቸው የኒውትሮን ቁጥር ነው። ኒውትሮን መኖር አለበት ብሎ በ1920 አስቀድሞ የተናገረው ራዘርፎርድ ሲሆን፣ በ1932 ያገኘው የሥራ ባልደረባው ጄምስ ቻድዊክ ነው።

ወርቅ ምንጊዜም 79 ፕሮቶን አለው። አንድ ቢጨመር ባዜቃ፣ አንድ ቢቀነስ ፕላቲኒየም ይሆናል። ኒውትሮኑ ግን ሊለያይ ይችላል። በ1935 ቺካጎ ውስጥ አርተር ዴምፕስተር እንዳሳየው በተፈጥሮ የሚገኘው ወርቅ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። 118 ኒውትሮን ያለው፣ ወርቅ 197 የሚባለው ነው። የአዶላም ሆነ የቤኒሻንጉል፣ የደቡብ አፍሪካም ሆነ የሌላ አገር፣ የማዕድን ወርቅ ሁሉ 197 ነው። እሱ አይፈርስም። የአያት ጌጥ የሚጸናውም ስለዚህ ነው።

ሌሎቹ የወርቅ አይሶቶፖች ግን ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ በሰው እጅ ካልተሠሩ አናገኛቸውም። በ1934 ሮም ውስጥ ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቹ ንጥረ ነገሮችን በተራ በኒውትሮን ሲደበድቡ ወርቅም ራዲዮአክቲቭ ሆነ። የሥራቸውን ዝርዝር ለእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ያቀረበላቸው ራዘርፎርድ ነበር። ወርቅ 197 አንድ ኒውትሮን ሲውጥ ወርቅ 198 ይሆናል። የዚህ ግማሽ ዕድሜ 2.7 ቀን ነው። ውስጡ አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጥና ኤሌክትሮን፣ ያው ራዘርፎርድ ቤታ ያለው፣ ተወርውሮ ይወጣል። ፕሮቶኑ 80 ሲሆን ወርቅነቱ አበቃ፤ ባዜቃ 198 ሆነ። የጋማ ጨረርም ያጅበዋል። 1,000 ሚሊግራም ቢኖረን ከ2.7 ቀን በኋላ 500፣ ከ5.4 ቀን በኋላ 250 ይቀራል። በ27 ቀን አንድ ሚሊግራም ያህል ብቻ ይተርፋል። ወርቅ 199 በ3.1 ቀን ይጋመሳል። ወርቅ 195 ደግሞ በ186 ቀን ይጋመሳል፤ የራሱን ኤሌክትሮን ወደ እምብርቱ ስቦ ፕላቲኒየም ይሆናል።

ጥቅሙስ? በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሐኪሞች ወርቅ 198ን ለካንሰር ሕክምናና ለጉበት ምርመራ ተጠቅመውበታል። ቶሎ የሚጠፋ መሆኑ እዚህ ላይ በጎ ነበር። በ1941 ደግሞ ሃርቫርድ ላይ ባዜቃን በኒውትሮን ደብድበው ወርቅ ሠርተዋል። የጥንቶቹ ወርቅ ፈላጊዎች ሕልም ደረሰ ማለት ነው። ምን ዋጋ አለው? የተሠራው ወርቅ ራዲዮአክቲቭ ነበርና ፈርሶ ጠፋ።

ራዘርፎርድ ከ1919 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበር። ድምፁ ጎላ ያለ፣ ሳቂታ፣ ቶሎ ተቆጥቶ ቶሎ የሚበርድ ሰው ነበር። በቀላል መሣሪያ መሥራት ይወድ ነበር። ከእሱ ጋር ከሠሩት መካከል ሶዲ፣ ቦር፣ ቻድዊክና ሃን ኋላ የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከጀርመን የተባረሩ ምሁራንን ለሚረዳው ጉባኤ ከ1933 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ሆኖ ብዙዎችን ታድጓል። ስሕተትም አልጠፋበትም። በዚያው በ1933 ከአቶም ኃይል ጥቅም ይገኛል የሚለውን ተስፋ ከንቱ ነው ብሎ አጣጥሎት ነበር። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ዓለም ሌላ ነገር አየ። ሐዘንም ደርሶበታል፤ አንድያ ልጁ አይሊን በ1930 ሞተችበት። በሚቀጥለው ዓመት ሎርድ ሲባል የደስታ መልእክቱን የላከው ኒውዚላንድ ለነበሩት ለአስተማሪዋ እናቱ ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 1937 ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ66 ዓመቱ አረፈ። ዌስትሚንስተር አቢ በተባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ከኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ያ በጨለማ ክፍል ብልጭታ ይቆጥር የነበረው ማርስደንስ? በመምህሩ ድጋፍ በ1915 ኒውዚላንድ ሄዶ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1922 ደግሞ የአገሪቱ ትምህርት ረዳት ዳይሬክተር ተደረገ።

እንግዲህ እጩ መምህራን ሆይ፣ ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ምናልባት ቤተ ሙከራ አይኖረው ይሆናል። ሳንቲምና ጣሳ ግን አይጠፋም። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ ከመጽሐፉ ጋር የማይስማማ ቁጥር አገኘሁ ስትል፣ ቁጭ በይ ከማለታችን በፊት አብረናት እንቁጠር። ቁጥሯ ከተሳሳተ የት እንደተሳሳተች ትማራለች። ትክክል ከሆነ ደግሞ እኛ እንማራለን።