ኤሪክ ሆስኪንግ፤ በአንድ ዐይን የታዩ አእዋፍ

እ.ኤ.አ. በ1937 በሜይ ወር፣ በአንድ ጨለማ ሌሊት፣ ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለ የ27 ዓመት እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ በዌልስ ገጠር ዶልዳውሎድ በተባለ ስፍራ፣ ከጉጉት ጎጆ ትይዩ ወደ ተሠራው ከፍ ያለ መሸሸጊያ በመውጣት ላይ ነበር። የጉጉት የክንፍ ላባ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተከፋፈለ በመሆኑ አየሩን ድምፅ ሳያሰማ ይሰነጥቃል። ስለሆነም ሆስኪንግ አንዳች ነገር አልሰማም። ጎጆዋን ትጠብቅ የነበረችው ወፍ ከጨለማው ውስጥ ወጥታ ፊቱን መታችው፤ ከጥፍሮቿም አንዱ በግራ ዐይኑ ገባ።

ለንደን በሚገኘው የሙርፊልድስ የዐይን ሆስፒታል ሲታከም ቁስሉ መረቀዘ። ፔኒሲሊን ገና ለሕክምና ያልዋለበት ዘመን ነበርና ሐኪሞቹ ሊያደርጉለት የሚችሉት ጥቂት ነበር። የተጎዳው ዐይን ባለበት ቢቆይ ደኅነኛውም አብሮ ሊጠፋ እንደሚችል ተነገረውና ውሳኔው ለራሱ ተተወለት። የሆስኪንግ ጭንቀት ስለ ሙያው ነበር፤ በአንድ ዐይን ፎቶግራፍ ማንሳት እንደሚቻል ከተረዳ በኋላ ግራ ዐይኑ እንዲወጣ ፈቀደ። ካሜራ ራሱ ባለ አንድ ዐይን መሣሪያ መሆኑን ላሰበ ሰው ውሳኔው እንግዳ አይመስልም። ከሆስፒታል ከወጣም በኋላ ብዙ ሳይቆይ ወደ ጉጉቶቹ ተመለሰ። አደጋው በጋዜጦች ስለ ተወራ፣ ለዓመታት በሥራው ያላገኘውን ዝና በጉዳቱ አገኘው፤ ነገሩ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

ሆስኪንግ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1909 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ በአውቶሞቢል ንግድ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ ከሥራው ሲሰናበት፣ የልጅነት ፍቅሩን መተዳደሪያው ለማድረግ ወሰነ። ይህ ደፋር ውሳኔ ነበር። በዚያን ጊዜ በወፍ ሥዕል እንጀራ ይበላል ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የሙያው ችግር ምን እንደ ነበር ለመረዳት መሣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። የዘመኑ ካሜራ በእንጨት ሳጥን የተሠራ፣ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ሥዕል የሚቀርጽ ነበር። አንድ ሰሌዳ አንድ ሥዕል ብቻ ይይዛል፤ ሌላ ለማንሳት ሰሌዳውን መለወጥ ግድ ነው። በቅርብ ርቀት ሌንሱ አጥርቶ የሚያሳየው ስፋት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ በመሆኑ፣ የምትበርን ወፍ በሌንስ እየተከተሉ ማጥራት የማይታሰብ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከወፎቹ ጠባይ ነው። ብዙ ወፎች በቀጥታ ወደ ጎጆአቸው አይገቡም፤ አስቀድመው በለመዱት ቅርንጫፍ ላይ ያርፉና ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ሌንሱን በዚያ ቅርንጫፍ ላይ አጥርቶ ይጠብቃል።

መጠበቁም ሥርዓት አለው። መሸሸጊያው ድንኳን መጀመሪያ ከሩቅ ይተከልና ወፏ እየለመደችው በሄደች ቁጥር በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይጠጋል። ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ይሸኘዋል፤ ሸኚው ሲመለስ፣ ሁለት ገብተው አንድ መውጣቱን ያላስተዋለችው ወፍ ሥጋቷን ትተዋለች። ሥዕሉን የሚጋርድ ቅጠል ካለ ቅርንጫፉ ወደ ጎን ይታሰራል እንጂ አይቆረጥም፤ ጎጆው ለፀሐይና ለቁራ ከተጋለጠ ጫጩቶቹ ያልቃሉና። ለፎቶግራፉ ሲባል ጎጆው ከተተወ፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር ሥራው ከሽፏል ማለት ነው።

ጨለማው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር። ሆስኪንግ ቀደም ሲል ይጠቀምባቸው የነበሩት የብልጭታ አምፖሎች አንድ ጊዜ በርተው የሚጣሉ ናቸው፤ ብርሃናቸውም በመቶኛ ሴኮንድ የሚቆጠር ጊዜ ስለሚቆይ የሚርገበገበውን ክንፍ አደብዝዞ ያሳያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ሲመጣ፣ በእንግሊዝ አገር ለአእዋፍ ፎቶግራፍ ቀድመው ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ ሆስኪንግ ሆነ። በከፍተኛ ቮልቴጅ የተሞላ ካፓሲተር በጋዝ ቱቦ ውስጥ ሲራገፍ የሚሰጠው ብርሃን የሴኮንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ ክንፉ በአየር ላይ እንደ ቆመ ሆኖ ይታያል።

ይሁን እንጂ ብርሃኑ ቢፈጥን የሰው ጣት አይፈጥንም። ዐይን አይቶ፣ አእምሮ አዝዞ፣ ጣት እስኪጫን ድረስ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል፤ በሴኮንድ 10 ሜትር የምትበር ወፍ በዚህ ጊዜ 2 ሜትር ትርቃለች። እዚህ ላይ ባለ ሁለት ዐይኑም ባለ አንድ ዐይኑም እኩል ዕውሮች ናቸው። ስለዚህ ሆስኪንግ በኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ባላቸው ወዳጆቹ እርዳታ ማየቱን ለመሣሪያው ሰጠው። በወፏ መንገድ ላይ ቀጭን የብርሃን ጨረር ተዘረጋ፤ በማዶው ብርሃን ተቀባይ ፎቶሴል ተተከለ። ወፏ ጨረሩን ስታቋርጥ የፎቶሴሉ ኤሌክትሪክ ይወድቃል፣ ማግኔቱ የካሜራውን መዝጊያ ይከፍታል፣ ብልጭታውም ይበራል። ይህም ቢሆን መዘግየት አያጣውም፤ የሴኮንድ አንድ መቶኛ ቢባክን ወፏ 10 ሴንቲሜትር አልፋለችና ሌንሱ የሚጠራው ከጨረሩ ፈቀቅ ባለ ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ያነሳት፣ በአፏ አይጥ ይዛ ክንፎቿን እንደ ዘውድ አርማ የዘረጋች ነጭ ፊት ጉጉት እስከ ዛሬ ከሥራዎቹ ሁሉ በላይ ትታወቃለች።

መሣሪያው የማይችለው ግን መምረጥ ነው። ጨረሩን የቆረጠ ሁሉ ይነሳል፤ ጭንቅላቷን ያዞረችውም፣ ክንፏ ዐይኗን የጋረደውም። ስለዚህ የሥራው ግማሽ በጨለማ ክፍል ውስጥ ይቀራል። እዚያም ሥዕሉ ከየትኛው ጠርዝ እንደሚቆረጥ ይወሰናል፤ በኅትመት ብርሃኑ ሥር በእጅ ጥላ የጠቆረው ይሳሳል፣ የነጣው ይጠቁራል። ሆስኪንግ ይህንን የመምረጥ ችሎታ ከራሱ ሥዕሎች አልፎ ለሌሎችም አበረከተ። የኮሊንስ ማተሚያ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ባሳተመው ኒው ናቹራሊስት በተባለው ተከታታይ መጽሐፍ፣ ከጁልያን ሃክስሊና ከጄምስ ፊሸር ጋር በአዘጋጅነት ተሰልፎ የፎቶግራፉን ክፍል ይመራ ነበር። ብሪቲሽ በርድስ ለተባለው መጽሔትም የፎቶግራፍ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከጋይ ማውንትፎርት የጥናት ቡድን ጋር ወደ ስፔይኑ ኮቶ ዶኛና፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ፓኪስታን ተጉዟል።

በእርሱ ዘመን ሙያው ራሱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የብሪታንያ የአእዋፍ ጥበቃ ሕግ ብርቅ የሆኑ ወፎችን ያለ ፈቃድ በጎጆአቸው ላይ ማወክን ከለከለ። ትንንሽ ካሜራዎችና ረጃጅም ሌንሶችም ስለ ተስፋፉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከጎጆው እየራቁ ወደ ማረፊያው ቅርንጫፍ አዘነበሉ። ይህ ለወፎቹ እፎይታ ነበር፤ ጎጆ ሥር ተኮልኩሎ ስሙን ያተረፈው ትውልድ ግን እንደ ሆስኪንግ ያለ ጠንቃቃ ብቻ አልነበረበትም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን የሰየመበት የእንግሊዝኛ ስም ሁለት ትርጉም አለው፤ ወፍን ለይቶ የሚያውቅ ዐይን ማለት ነው፣ በወፍ ዋጋ የተከፈለ ዐይን ማለትም ይሆናል። በ1977 ኦ.ቢ.ኢ. የተባለውን የእንግሊዝ ኒሻን ተሸለመ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ ሲሞት፣ ከዐይኑ ጉዳት በኋላ ከ50 ዓመት በላይ በቀረው አንድ ዐይን ሠርቶ ነበር።