ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትና ኑዛዜው

ሰው በሕይወቱ ሳለ የሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን ከሞቱ በኋላ እንዲፈጸም ያዘዘው ነገርም ስለ እርሱ ይመሰክራል። የብዙ አባቶች ትምህርት ተጽፎልናል፤ ቤታቸውን እንዴት አሰናድተው ከዚህ ዓለም እንደ ተለዩ ግን እምብዛም አይነገርም። ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ባስተማረው ትምህርት ነባቤ መለኮት የተባለው፥ ቃሉም በሃይማኖተ አበው የሚገኘው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ የጻፈው ኑዛዜ ግን ሳይጠፋ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ከዚሁ ከኑዛዜው ጋራ አያይዘን እንመለከታለን። በታሪኩ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጎርጎርዮስ በ329 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ አገር፥ በእንዚናዙ ከተማ አጠገብ ከምትገኘው አርያንዞስ ከምትባለው ከወላጆቹ ርስት ተወለደ። አባቱም እንደ ልጁ ጎርጎርዮስ ይባል ነበር። እርሱም አስቀድሞ ከክርስቲያን ወገን አልነበረም፤ ነገር ግን ሚስቱ ኖና በጸሎትና በትዕግሥት ወደ ቀናው ሃይማኖት መለሰችው፤ በኋላም የእንዚናዙ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ረጅም ዘመን መንጋውን ጠበቀ። እነዚህ ባልና ሚስት ባለጸጎች ሲሆኑ ሀብታቸውን የድኆች ገንዘብ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ልጆቻቸውም ጎርጎርዮስ፥ ቄሣርዮስና ጎርጎንያ ናቸው።

ጎርጎርዮስ በቂሣርያ፥ በእስክንድርያና በአቴና ትምህርቱን ተከታተለ፤ በአቴናም ከታላቁ ባስልዮስ ጋራ እስከ ሞት የጸና ወዳጅነት መሠረተ። ወንድሙ ቄሣርዮስ ግን የሕክምናን ጥበብ ተምሮ በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት የታወቀ ሐኪም ሆነ፤ በንጉሡ በዋሌንስም ዘመን በቢታንያ አውራጃ በመንግሥት ገንዘብ ላይ ተሾመ። በ368 ዓ.ም. የኒቅያን ከተማ ታላቅ የምድር መናወጥ ባፈረሳት ጊዜ ቄሣርዮስ ከፍርስራሹ በሕይወት ወጣ። ከዚህም በኋላ ተጠመቀ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ ታሞ ሞተ።

ቄሣርዮስ ሚስትና ልጅ አልነበረውም። ሊሞት ሲቃረብ ያለው ሁሉ ለድኆች እንዲሰጥ በቃሉ ተናዘዘ። አሳቡ ቅዱስ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን እንደ አሳቡ አልሆነም። በቤቱ የነበሩት ሰዎች ንብረቱን ዘረፉት፤ ከዚያም ቄሣርዮስ ከእኛ ተበድሯል የሚሉ ሰዎች እየመጡ ቤተ ሰቡን ይጠይቁ ጀመር። አንዱ ሲከፈለው ሌላው ይነሣ ነበር። ከዓለም ጭንቀት ርቆ በጸጥታ መኖርን የሚወድደው ጎርጎርዮስም የወንድሙን ኀዘን ሳይጨርስ በሙግት ተያዘ። ሶፍሮንዮስ ለተባለው ባለሥልጣን እንዲረዳው ጻፈለት፤ ባስልዮስም ስለ ወዳጁ ለዚሁ ሰው ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። የድኆች ይሆን ዘንድ የተነገረለት ሀብት ብዙው የዘራፊዎችና የከሳሾች ሲሳይ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ374 ዓ.ም. አባቱ ዐረፈ፤ እናቱ ኖናም በቤተ ክርስቲያን በጸሎት ላይ ሳለች ተከተለችው። እኅቱ ጎርጎንያም ከእነርሱ አስቀድማ ዐርፋ ነበርና ከቤቱ ጎርጎርዮስ ብቻውን ቀረ። በ379 ዓ.ም. በአርዮሳውያን እጅ ወደ ነበረችው ወደ ቁስጥንጥንያ ተጠርቶ በአንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ በዚያም ሃይማኖትን አቀና። በ381 ዓ.ም. ጉባኤው በዚያች ከተማ ሲሰበሰብ በመንበርዋ ላይ ጸንቶ ሳለ፥ በሹመቱ ምክንያት ክርክር በተነሣ ጊዜ የቤተ ክርስቲያንን ሰላም ከክብሩ አብልጦ መንበሩን በፈቃዱ ለቀቀ።

ኑዛዜውንም ያደረገው በዚሁ በ381 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያህል በሕይወት መቈየቱን ስናስብ፥ የሞት ጥላ እስኪያጠላበት ድረስ እንዳልጠበቀ እንረዳለን። በጽሑፉም ሀብቱ ሁሉ በእንዚናዙ ቤተ ክርስቲያን ለሚረዱት ድኆች እንዲሆን አዘዘ፤ ይህንም ያደረገው የወላጆቹን አሳብ በመከተል መሆኑን ገለጸ። ቀድሞ የቤቱ አገልጋይ የነበረውን፥ እርሱም ነጻ ያወጣውን ዲያቆን ጎርጎርዮስን በሕግ ወራሽ አደረገው፤ ነገር ግን ሁሉን ለቤተ ክርስቲያን እንዲያስረክብ በእግዚአብሔር ፍርሃት አሰረው። ለድካሙም 50 የወርቅ ገንዘብ ተወለት። አብሮት ለደከመው ለዲያቆን ኢዋግርዮስም ልብስና 30 የወርቅ ገንዘብ ሰጠው። ነጻ የወጡት የቤት አገልጋዮች ነጻነታቸው እንዲጸና፥ የግል ጥሪታቸውም እንዳይነካ አዘዘ። በድንግልና ለምትኖር ለአንዲት ዘመዱም በየዓመቱ የምትተዳደርበትን ገንዘብና የምትኖርበትን ቤት ወሰነላት።

ከሁሉ የሚከብደው ስለ እኅቱ ልጅ ስለ አሊጵያና ያዘዘው ነው። ይወድዳት ነበር፤ ነገር ግን ሀብቱን ለድኆች አስቀድሞ ስለ ሰጠ ርስት ሊተውላት እንደማይችል በግልጽ ጽፎ ይቅርታዋን ለመነ። ከቄሣርዮስ የተረፈው የሐር፥ የበፍታና የሱፍ ልብስ ግን ለልጆችዋ እንዲሰጥ አዘዘ፤ እርስዋም እኅቶችዋም ወራሹንና ቤተ ክርስቲያንን እንዳያውኩ አሳሰበ። ዘመድ ከሞተ ሰው ቤት ባዶ እጁን ሲወጣ የሚያቈስለው ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን አለማወቁም ነው። ጎርጎርዮስ ግን ምክንያቱን ራሱ ተናገረ እንጂ ለሌላ ሰው ግምት አልተወውም።

ጽሑፉንም እንዲሁ አልተወውም። የኢቆንዮን ኤጲስ ቆጶስ አምፊሎክዮስና ቀሲስ ቀሌዶንዮስ የሚገኙባቸው ሰባት ምስክሮች ፈረሙበት፤ የዘመኑ የሮማውያን ሕግ የሚጠይቀው የምስክር ቍጥር ይህ ነበርና። ያ ታላቅ መምህር ቅድስናዬ ይበቃል ብሎ የሕግን ሥርዓት አልናቀም። ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ ጥቂት ጊዜ የእንዚናዙን ቤተ ክርስቲያን ጠበቀ፤ በ383 ዓ.ም. ለዘመዱ ለአውላልዮስ ካስረከበ በኋላ በአርያንዞስ በጾም፥ በጸሎትና በድርሰት ኖሮ በ390 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ።

እንግዲህ ሁለቱ ወንድማማች የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ የአንዱ ፈቃድ በአየር ላይ የቀረ ቃል ሲሆን የሁለተኛው በምስክር የጸና ጽሑፍ ሆነ። በእኛም አገር የንስሓ አባትና ሽማግሎች በሕሙም አልጋ አጠገብ ተቀምጠው የመጨረሻ ቃሉን መስማታቸው የቆየ ልማድ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ በሰፊው ያስተምራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቃል የሚደረገውን ኑዛዜ ለጥቂት ጉዳይ ብቻ ወስኖታል፤ በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፥ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገውም በሙሉ በገዛ እጁ እንዲጻፍ ያዝዛል። ስለዚህ የንስሓ አባት ልጁን በጤናው ጊዜ ሊመክረው ይገባል፤ ዕዳውን እንዲለይ፥ ስእለቱን እንዲፈጽም፥ ለእያንዳንዱ የሚተወውን ከነምክንያቱ እንዲያስታውቅ፥ ሁሉንም በሥርዓት እንዲያጽፍ ሊነግረው ይገባል። ርስት ያለ ሥርዓት ሲቀር ልጆችን ለሙግት ይዳርጋል፤ በሥርዓት የተናዘዘ ሰው ግን ከርስቱ ጋራ ሰላምን ያወርሳቸዋል።

የቅዱስ ጎርጎርዮስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።