አሸናፊ ከበደ፦ የእረኛውን ዋሽንት ከኦርኬስትራ ጋር ያገናኙ ምሁር

ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን የማያውቅ ተመራቂ ይኖራል ብለን አናስብም። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ማን እንደነበሩ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ቆም ብለን ማሰባችን አይቀርም። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። የሙዚቃ ደራሲ፣ መምህርና ተመራማሪ ነበሩ። የእረኛን፣ የአዝማሪንና የጠጅ ቤትን ዜማ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ካደረጉት ኢትዮጵያውያን መካከል በግንባር ቀደምነት የሚነሱ ሰው ናቸው።

አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩና በ1962 ተመረቁ። ኢስትማን በዓለም ከታወቁት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ከዚያ የወጣ ወጣት እዚያው ቀርቶ የአውሮፓን ሙዚቃ እየተጫወተ መኖር ይችል ነበር። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራውን ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በማቋቋም እስከ 1968 ድረስ መሩት።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ሙዚቃ ማስተማር ምን ማለት እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ዜማ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ የራሱ ምልክት፣ የራሱ ትምህርት ቤትና የራሱ ክብር ነበረው። ዓለማዊው ዘፈን ግን እንዲህ ያለ ማረፊያ አልነበረውም። አዝማሪ በሠርግና በድግስ ተፈላጊ ነው፤ ድግሱ ሲያልቅ ግን ስሙ ለስድብ ይውላል። ልጁ ክራር ሲያነሳ የሚቆጣ አባት ያው ክራር ሲመታ ትከሻውን ይሰብቃል። ሰው የሚደሰትበትን ነገር ያፍርበት ነበር ማለት ይቻላል። ያሬድ ፒያኖና ቫዮሊን በሚያስተምርበት ግቢ ክራር፣ መሲንቆና ዋሽንትም የትምህርት ዓይነት መሆናቸው ቀላል ነገር ያልሆነው ለዚህ ነው።

የአሸናፊ እጅግ የታወቀው ድርሰት ስለ ዋሽንት ተጫዋች እረኛ የተደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪ ኦርኬስትራን ራሳቸው እየመሩ አቅርበውታል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነው። አንዱ ዋሽንት ድምፁ አንዴ ከተወሰነ ስለማይቀየር ጎበዝ ነፊ ረጅምም አጭርም፣ በርከት ያሉ ዋሽንቶችን ይዞ ይዞራል። እረኛው የሚነፋው ለመድረክ ብሎ አይደለም። ከብቱ ሲግጥ፣ ቀኑ ሲረዝም፣ ለራሱና በማዶ ላለው ጓደኛው ነው። አሸናፊ ያንን የሜዳ ደስታ ወስደው በትልቅ ኦርኬስትራ መሐል አኖሩት። አጋጣሚው ሃንጋሪ መሆኑም ደስ ይላል፤ እነ ባርቶክና ኮዳይ በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን የሰበሰቡበት አገር ነውና።

ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ሙዚቃ ጥናት ተከታተሉና በ1971 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ጥናታቸውም በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ነበር። በኒው ዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅና በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጥቁር አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን መሩ። በ1977 ስለ ክራር ያሳተሙት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በልማዳችን በገና የእግዚአብሔር፣ ክራር ደግሞ የሰይጣን መሣሪያ ይባላል፤ አንዱ ለጸሎት፣ ሌላው ለፍቅርና ለጨዋታ ስለሚውል። አሸናፊ ይህንን የሰይጣን የተባለውን መሣሪያ ከነአሠራሩ፣ ከነቅኝቱና ከነታሪኩ አጠኑት። በ1982 ደግሞ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን ዘፈን፣ መሣሪያና ውዝዋዜ አንድ ላይ የሚያይ መጽሐፍ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1998 በፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ በ60 ዓመታቸው አረፉ።

ታዲያ የእሳቸው ሕይወት ከአሶሳ ጋር ምን አገናኘው? የሚሉ ይኖራሉ። ዋሽንት የሚሆነው ቀርከሃ በብዛት የሚበቅለው እኛው ክልል ነው። ከዚያም በላይ የበርታ ሕዝብ ዋዛ አለን። ቅሎች እየተገጣጠሙ የሚሠሩት እነዚያ ረጃጅም መለከቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድምፅ ብቻ ያወጣሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ዜማውን ሊጫወተው አይችልም። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው ዜማው የሚሞላው። አንዱ ከጎደለ ዜማው ይጎድላል። ደስታን መካፈል ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ?

ዛሬ በበዓል ዋዛ ሲነፋ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን እንቀርጻለን። ጥሩ ነው። ግን የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ቅሉ እንዴት እንደሚመረጥ፣ በምን እንደሚጣበቅ፣ የትኛው መለከት ቀድሞ እንደሚገባ፣ የእያንዳንዱ ስም ማን እንደሚባል አይነግረንም። ይህን የሚያውቁት አባቶች ናቸው፤ ዕድሜም አይጠብቅም። አሸናፊ ክራርን እንዳጠኑት ዋዛን ቁጭ ብሎ፣ ከነፊዎቹ ጋር ውሎ፣ በስማቸው መዝግቦ የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል። ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ቀበሌውን የሚያውቁ፣ ምርምር የተማሩ ልጆች ደግሞ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ይመረቃሉ። መምህራን ርዕስ ስትሰጡ፣ ተመራቂዎችም ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ይህን አስቡበት። የአሸናፊ ከበደን ስም ለማክበር ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለንም።