ይስሐቅ ኒውተንና የተደበቀው ምድጃው

የልጅ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ስለ አይዛክ ኒውተን ሳይማሩ አይቀሩም። በምድርና በሰማይ ያሉ ነገሮች ሁሉ እርስ በርስ እንደሚሳሳቡ በሒሳብ ያስረዳ እንግሊዛዊ ነው። ስሙ በእኛ አጠራር ይስሐቅ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሌላው ሥራው፣ ስለ አልኬሚ ነው።

አልኬሚ እርሳስንና ሌሎች ርካሽ ማዕድኖችን ወደ ወርቅ ለመለወጥ የሚሞክር የጥንት ጥበብ ነበር። ባለሙያዎቹ ምስጢራቸው ለሁሉ እንዳይገለጥ በምልክት ይጽፉ ነበር። ለየማዕድኑ አንድ የሰማይ አካል ሰጡት። ወርቅ የፀሐይ ነው፤ ምልክቱም መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ። ብር የጨረቃ፣ ብረት የማርስ፣ መዳብ የቬነስ፣ እርሳስ የሳተርን ነው። ብዙዎቹ ማዕድን በምድር ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ እንደሚበስል ያምኑ ስለነበር፣ ያንን ብስለት በእሳት ለማፋጠን ይደክሙ ነበር።

ኒውተን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1642 ዓ.ም. ዉልስቶርፕ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ከመወለዱ በፊት ሞቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላው እናቱ ሌላ ባል አግብታ ሄደች፤ እሱ ከአያቱ ጋር ቀረ። በ1661 ካምብሪጅ ገባ፤ በ1669፣ በ26 ዓመቱ፣ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያው ዓመት ምድጃና መድኃኒት ገዝቶ ሙከራ ጀመረ። በ1680ዎቹ አብሮት የኖረ ረዳቱ እንደመሰከረው፣ በጸደይና በመጸው ለሳምንታት እሳቱ ሌሊትና ቀን አይጠፋም ነበር፤ ሁለቱ ተራ በተራ ያድሩ ነበር። ኒውተን ይህን ሥራ በስሙ አላሳተመም። ወርቅ አበዛለሁ ማለት በእንግሊዝ ከ1404 እስከ 1689 በሕግ የተከለከለ ነበር። በላቲን የሚጻፈውን ስሙን ፊደላት አቀያይሮም አንድ ቅዱስ አምላክ የሚል ትርጉም ያለው የምስጢር ስም አወጣ።

ወርቅ አልወጣለትም። በ1696 ግን መንግሥት ወደ ለንደን ጠርቶ የገንዘብ መሥሪያ ቤቱን ኃላፊነት ሰጠው። ወርቅ ሊሠራ ዓመታት የደከመው ሰው የአገሩን የወርቅና የብር ገንዘብ ጠባቂ ሆነ፤ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩትንም እያሳደደ ለፍርድ አቀረበ።

በ1727 ሲሞት ወረቀቶቹን የመረመረው ሰው አብዛኞቹን ለኅትመት አይበቁም ብሎ መለሳቸው። ከ200 ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ በ1936 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጡ። ከአልኬሚ ጽሑፎቹ ብዙዎቹን ኬንስ የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር ገዝቶ ሰበሰበ፤ ዛሬ ካምብሪጅ ይገኛሉ። ስለ ትንቢተ ዳንኤልና ስለ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ አሠራር የጻፋቸውን ደግሞ በኢየሩሳሌም የተወለደው ምሁር አብርሃም ያሁዳ ሰበሰበ። እነዚያ ዛሬ እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ለኒውተን ምድጃውም፣ ሒሳቡም፣ ቅዱስ መጽሐፉም አንድ ጥያቄ ነበሩ፤ ፈጣሪ ዓለምን እንዴት አድርጎ ሠራት? ከሦስቱ መልስ ያገኘው በአንዱ ነው፤ የደከመው ግን በሦስቱም ነው። የልጅ ልጆቻችሁ ስለ ኒውተን ሲያወሩላችሁ፣ ይህንንም ጨምሩላቸው፤ ያልተሳካለትም ሥራ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።