ዶክተር ማርሴል ዡኖ፦ በአየር የተረጨን መርዝ ያለ መሣሪያ መከታተል

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በሐይቅ በኩል አልፎ ወደ ውጫሌና ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ኮረም ይዘልቃል። በ1928 ዓ.ም. ወደ ግንባር የሚዘምተው ሠራዊት፣ የሚመለሰው ቁስለኛና የቀይ መስቀል ተሽከርካሪዎች የሚተላለፉት በዚህ መስመር ነበር። በሰሜኑ ግንባር የጣሊያን አውሮፕላኖች የጣሉትን የመርዝ ጋዝ ጉዳት በዓይናቸው አይተው ከመዘገቡት የውጭ አገር ሐኪሞች አንዱ ስዊሳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ ናቸው።

ዡኖ እ.ኤ.አ. በ1904 በኑሻቴል ተወለዱ። ሕክምናን በጄኔቫ አጥንተው በፈረንሳይ ሙሉዝ ከተማ በቀዶ ሐኪምነት ሲያገለግሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከሲድኒ ብራውን ጋር ልዑክ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ላካቸው። ዕድሜያቸው 31 ዓመት ነበር።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጣለ። እያንዳንዱ ትልቅ ቦምብ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ፈሳሽ መርዝ ይይዝ ነበር፤ ከምድር ከፍ ብሎ በአየር ላይ ሲፈነዳም መርዙ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ቆይቶም መርዙ ከአውሮፕላን በቀጥታ ይረጭ ጀመር። ተኑ ከአየር ከ5 እጥፍ በላይ ስለሚከብድ በሸለቆና በጉድጓድ ይተኛል። ቃጠሎውና የዓይን ሕመሙ የሚገለጡት ከሰዓታት በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት በባዶ እግሩ ሣር ረግጦ ያለፈ ወታደር የት ቦታና መቼ እንደተመረዘ ለይቶ ለማወቅ ይቸገር ነበር።

መርዙን የሚለካ መሣሪያ በግንባሩ አልነበረም፤ ማስረጃው የተጎጂው ሰውነት ነበር። የእግር ቃጠሎ የተበከለ መሬትን፣ የራስና የትከሻ ቃጠሎ ከላይ የተረጨ ፈሳሽን፣ የሳንባ ጉዳት የተሳበ ተንን ያመለክታል። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ዡኖ ከስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ወደ ኮረም በረሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው አውሮፕላናቸው በዚያ በቦምብ ወደመ፤ ዡኖ ግን በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን አይተው ያዩትን ለጄኔቫ አሳወቁ።

ማስረጃው ግን ወደሚፈለግበት ቦታ አልደረሰም። የመንግሥታት ማኅበር ስለ ጋዙ መረጃ ሲጠይቅ፣ ኮሚቴው ገለልተኝነቱን ምክንያት አድርጎ የልዑካኑን መረጃ ለመስጠት አልፈቀደም። ዡኖ የኢትዮጵያን ትዝታቸውን ለሕዝብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1947 በታተመው መጽሐፋቸው ነው። የጣሊያን መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነበር።

ዡኖ ከኢትዮጵያ በኋላ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1945 ወደ ሂሮሺማ 15 ቶን ያህል መድኃኒት ይዘው ገብተው፣ በዓይን የማይታይ ሌላ ጉዳት ተመለከቱ። የኮሚቴው ምክትል ፕሬዚዳንት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1961 በጄኔቫ አረፉ።

ዛሬ በተሽከርካሪ ወይም በድሮን ላይ የተጫነ ሴንሰር የጋዝን መጠን በየሰከንዱ ይለካል። ልኬቱ ከቦታው መገኛና ከነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት ጋር ሲቀናጅ፣ ጋዙ ከየት እንደተለቀቀና ምን ያህል እንደሆነ በስሌት ይገመታል። ሐኪሙ ከቁስል ያነበቡትን፣ ሴንሰሩ ሰው ሳይጎዳ አስቀድሞ ሊያነብ ይችላል። የዡኖ ሕይወት የሚያስተምረው ግን ልኬት ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ የክትትል ሥርዓት ሲነደፍ ከመሣሪያው ጥራት እኩል፣ ውጤቱ ለማንና በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።